አርባ ስምንት ኪሎ አሸዋ

ሰፈርተኛው «ክሬኑ» የሚለው የቤት ዕቃ አጓጓዥ ነበር። ፍሪጅ ብቻውን አዝሎ አምስት ፎቅ ሲወጣ ውስጡ ያለው እንቁላል እንኳ ከእንቅልፉ አይነቃም ይባልለታል። ከጉልበቱ ይልቅ የሚኮራው ግን በዓይኑ ነው። ቁምሳጥኑን ከሩቅ ገርመም አድርጎ «ዘጠና ሁለት» ካለ፣ ዘጠና ሁለት ነው። ሚዛን ቢከራከረው የተሳሳተው ሚዛኑ ነው።

አንድ ቀን ካዝና ሲያነሳ ወገቡ ቀጭ አለ። ያ ሁሉ ተራራ የተሸከመ ሰው ካልሲውን ከወለል ማንሳት አቃተው።

የከፋው፣ ሚስቱን ማንሳትም አቃተው። እግሮቿ ከከዷት ወዲህ በየጠዋቱ ከአራተኛ ፎቅ አቅፎ አውርዶ ግቢው አግዳሚ ላይ ፀሐይ ያሞቃት ነበር። ጎረቤቶች «እኛ እናውርድሽ» ቢሏት ወይ ፍንክች!

«እናንተ? ድስት ስታወርዱ እንኳ ታፈሳላችሁ። ክሬኑን እጠብቃለሁ።»

ፊዚዮቴራፒስቷ ገና ልጅ እግር ናት። በጀርባው አስተኝታ እጅና እግሩን ቀስ እያለ እንዲያፈራርቅ አዘዘችው።

«ዶክተር፣ ይሄ እኮ የተገለበጠ ጢንዚዛ ሥራ ነው!»

«ጋሼ፣ ወገቡን ያመመው ጢንዚዛ አይተው ያውቃሉ?»

ቆይታ ወደ አሸዋ ከረጢት አሻገረችው፤ በስድስት ኪሎ ጀመረ። «ወደ ደረትዎ ያስጠጉት፤ ከዳሌና ከጉልበትዎ ይታጠፉ፤ ሲያነሱ ይተንፍሱ እንጂ ትንፋሽዎን አያፍኑ። ካመመዎ ያቁሙ። ባለቤትዎን የሚያነሱት የእሳቸውን ያህል አሸዋ ያለ ሕመም ሲያነሱ ነው። ስንት ኪሎ ናቸው?»

ቤቱ ገብቶ ገረመማት። ሹራብ በሹራብ ደርባ ተቀምጣለች፤ በረደኝ ማለት ካበዛች ሰንብታለች። «አርባ ስምንት» ብሎ ለዶክተሯ ነገራት።

በየሳምንቱ ሁለት ኪሎ አሸዋ ይጨምራል። እሷ አልጋዋ ላይ ሆና ትጠይቀዋለች።

«ዛሬስ የት ደረስክ?»

«ሃያ።»

«ገና ወገቤ ጋ ነህ በለኛ!»

ሠላሳ አራት የገባ ዕለት ግን አልቀለደችም።

«አይበቃም እንዴ?» አለችው፣ ወደ መስኮቱ እያየች።

«አሥራ አራት ይቀረኛል! አትቸኩል ተብያለሁ።»

የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ ጎተተችው።

አርባ ስምንቱን ከረጢት ሳያመው ባነሳ ማግስት ፊቱን ተላጭቶ መጣ። አንድ እጁን ከጉልበቷ ሥር፣ አንዱን ከጀርባዋ አስገባ፤ ተነፈሰና አነሳት። ወገቡ ምንም አላለም። በኃይል ስላነሳት ወደ ኋላ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

ዓይኑን ማታለል ይቻል ይሆናል፤ ክንዱን ግን ማንም አታልሎት አያውቅም። ሠላሳ ሦስት። ያውም ከነአራት ሹራቧ።

ወለሉ መሃል ቆሞ ቀረ። ሠላሳ አራትን ያነሳው ከሰባት ሳምንት በፊት ነው። ሰባት ሳምንት ሙሉ ግቢው በፀሐይ ሲጠበስ ነበር፤ ዛሬ ደመና ነው።

«ከበድኩህ እንዴ?» አለችው፣ ፊቷን አንገቱ ሥር ቀብራ።

በሕይወቱ ክብደት አሳስቶ ተናግሮ አያውቅም።

«ኧረ ተይኝ!» አለ፣ «አርባ ስምንት ሞልተሻል።»

«ክሬኑን እጠብቃለሁ ብዬ ነበር» አለች።

ዶክተሯ እንዳስተማረችው እየተነፈሰ ደረጃውን ጀመረ። እንደዚህ ቀስ ብሎ የወረደበት ቀን የለም፤ ፍሪጅ ተሸክሞ እንኳ።