ፊልሙ ያላሳየው የገረሱ ብየዳ

ገረሱ ሠላሳ ዓመት ብረት ከብረት ሲያጋባ የኖረ ሰው ነው። አብነት ሰፈር ባለው የበከር ወርክሾፕ ወፍራም ብረት ሲመጣ ከእሱ በቀር የሚነካው የለም። ባለፈው ጥር ለአንድ ሳሙና ፋብሪካ ግድግዳው ስልሳ ሚሊ ሜትር የሚወፍር የእንፋሎት ታንክ በይዶ ጨረሰ። ብየዳው እንደ ራጅ በጨረር ፎቶ ተነሣ፤ ፊልሙም ንጹሕ ወጣ። በከር ታንኩን የሚጭን ክሬን ሊጠራ ስልኩን አነሣ።

የጥራት ተቆጣጣሪዋ ጊፍቲ ግን አልፈርምም አለች።

«ፊልም ቀዳዳና ቆሻሻ ያሳያል። ከጎን ሳይያያዝ የቀረ ቦታ ግን እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ጨረሩ በአቅጣጫው ካልገባ አይታይም። እንዲህ ለወፈረ ብረት በድምፅ ሞገድ መፈተሽ ይሻላል።»

«ገረሱ የበየደውን?» ብሎ በከር ሳቀ።

ገረሱ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። «ተዋት፣ ትፈትሸው» አለ።

ጊፍቲ ብየዳውን ጄል ቀብታ መሣሪያዋን ቀስ እያለች ነዳችው። ከቀትር በኋላ አንድ ቦታ ላይ ተመላለሰችና በጠመኔ ምልክት አደረገች።

«ጋሽ ገረሱ፣ እዚህ ጋ አልተያያዘም። ሠላሳ ሚሊ ገባ ብሎ ነው፤ አንድ ጣት ያህል ይረዝማል።»

ግራይንደሩን ያነሣው ራሱ ገረሱ ነው። ቆፍሮ ሲደርስ ጊፍቲ ስንጥቅ ውስጥ የሚሰርግ ቀይ ቀለም ነፋችበት፣ ጠረገችው፣ ነጭ ዱቄት ደገመችበት። ባልተያያዘው ቦታ ልክ በነጩ ላይ ቀይ ክር ብቅ አለ። ገረሱ የሌላ ሰው ቁስል እንደሚያይ አየው። ሐፍረት ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ አልመጣም። ንዴትም አልመጣም። ጆሮው ብቻ ጥጥ የተወተፈበት ያህል ደነዘዘ።

አጽድቶ፣ ብረቱን አሙቆ እንደገና በየደው። በሁለተኛው ቀን ተፈትሾ አለፈ። በከር ትከሻውን መታ መታ ሲያደርገው «እ» አለ። ማታ ሚስቱ ወለተሰንበት ያቀረበችለትን ምን እንደሆነ ሳያውቅ በላ።

በማግስቱ ጊፍቲን ጠራት።

«ልጄ፣ አምናና ካቻምና እንዲህ ያሉ ወፍራም ሁለት ታንኮች በይጃለሁ። ያለፉት በፊልም ብቻ ነው።»

«ቢፈተሹ ይሻላል፣ ጋሼ።»

በከር «ገበያዬን ልትዘጋው ነው?» ብሎ ጮኸ። ገረሱ «ይፈተሹ» የሚለውን ቃል ድምፁን ሳይቀይር ደጋገመለት፤ በመጨረሻ በከር ታንኮቹን ለገዙት ሁለት ፋብሪካዎች ደወለ። አንደኛው ፋብሪካ እሺ አለ። ሌላው «ፊልሙ በእጃችን አለ» ብሎ ዘጋበት፤ ገረሱ በየሰኞው ቢያስደውልም እስከ ዛሬ መልሱ ያው ነው።

እሺ ወዳለው ከጊፍቲ ጋር ሄደ። ፍተሻው እስኪያልቅ አጠገቧ ቆመ።

«ደህና ነው፣ እንኳን ደስ አለዎት» አለችው።

ራሱን ነቀነቀና ከብየዳው ላይ ጄሉን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።