ጄፕቱም ያልሰማችው ፔዳል

በኬንያ ከኢተን ከተማ ወደ ኬሪዮ ሸለቆ የሚወርዱ ሾፌሮች የታላምን እጅ ያከብራሉ፤ የሚያምኑት ግን የሚስቱን እግር ነው። ፍሬን ሲሠራ መኪናው ስር የሚተኛው ታላም ነው፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፔዳሉን የምትረግጠው ጄፕቱም ናት። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ሠርተዋል። እሷ ደጋግማ ረግጣ ትይዛለች፣ እሱ ብሎኑን ይፈታል፣ ዘይቱ ከነአየሩ ይወጣል፣ ብሎኑን መልሶ ያጠብቃል፣ እሷ ትለቃለች። እግሯ ሲሠራ እጇ ዳንቴል ይይዛል፤ ወደ ታች አይታ አታውቅም። በመጨረሻ «ጠንክሯል» ካላለች ማንም ሾፌር ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት አይወርድም።

እኔ አጥራቸው ስር የብስክሌት ጎማ ስለምለጥፍ ሁሉንም አያለሁ።

ባለፈው የዝናብ ወቅት ኪሞሶፕ የሚባል ሾፌር አሮጌ ሚኒባሱን በገመድ አስጎትቶ አመጣ። የፊት የፍሬን ቱቦ ፈንድቶበታል። ወደ ሸለቆው የሚመለሱ አሥራ አንድ መንገደኞች በር ላይ ቆመዋል።

«ሽማግሌው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይደርሳል?» አለ ሾፌሩ።

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ፣ አለቃዬን ጠይቃት» አለ ታላም።

«አንተ ብቻ እዚያ ስር እንቅልፍ አይውሰድህ» አለች ጄፕቱም ከወንበሩ።

ጠዋት ሁሉ ሰመረ። የፊት ቱቦዎቹን ቀየረ፣ ከኋላ ጎማዎቹ ፍሬን አየሩን አወጡ። የበቆሎ ገንፎውን ኡጋሊ በሙርሲክ እርጎ በልተው ጄፕቱም ተመልሳ ስትወጣ አንድ ነጠላ ጫማዋ ከመኪናው በር ስር ወድቆ ቀረ። አየሁት። እግሯን ልታናፍስ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

«ያዥ!» አለ ታላም ከስር።

«ይዣለሁ!»

የፊቱን ብሎን ፈታ። ጠብ የሚል ነገር የለም።

«ረግጠሻል፣ ሴትዮ?»

«ወለል ነካ እኮ! ጆሮህ ተደፈነ?»

አጠበቀ፣ ፈታ፣ ደገመ። ምንም። አዲሱን ቱቦ አውልቆ በፀሐይ አየው፤ በአፉ ነፋበት።

«ለሠርግ ነው የምትነፋው?» አለ ኪሞሶፕ።

ታላም ቱቦውን መልሶ ገጠመው። የብረቱን ቧንቧ መጋጠሚያ ፈታ፣ ጠረገ፣ መልሶ አሰረ። አሁንም ምንም። ዘጠኝ ሰዓት አለፈ።  ቱቦውን ጠረጠረ፣ ብሎኑን ጠረጠረ፣ ዘይቱን ጠረጠረ፤ የሚስቱን እግር ግን አልጠረጠረም።

በመጨረሻ ዘይቱን የሚገፋውን የፍሬን ማስተር ሊያወርድ ቆረጠ። ቁልፍ እንዳቀብለው ጠራኝና ሁለታችንም በሾፌሩ በር ጎንበስ አልን።

የጄፕቱም ባዶ እግር ያለው ፍሬኑ ላይ ሳይሆን የነዳጁ ፔዳል ላይ ነበር። የፔዳሉ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ውስጥ እግሯን ቀዶታል፤ ደሙ ደርቋል። እሷ ዳንቴሏን ትሠራለች።

ታላም እግሯን በእጁ ጨበጠው። እሷ አንገቷን ቀና እንዳደረገች ናት።

«ጄፕቱም።»

«አቤት።»

«እግርሽን ማን ነው የያዘው?»

ያን ጊዜ ወደ ታች አየች። ኪሮሹ ከእጇ ወደቀ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ስኳሩ ከያዘኝ ወዲህ ነው። ቀኙ ጨርሶ ደንዝዟል፤ ግራውም እየተከተለው ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርገው ነበር?»

ታላም በእጁ የአሥር ቁጥር የብሎን ቁልፍ ይዞ ነበር። ቁልፉን አየው፣ እግሯን አየ፣ ቁልፉን መሬት አስቀመጠ።

ቁስሉን አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ አሰረላት። ከዚያ እኔ ወጥቼ ረገጥኩለት። ዘይቱ ወዲያው መጣ፤ በግማሽ ሰዓት ሁሉም አለቀ። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ሆነ። ሰዎቹ ተሳፈሩ።

«በይ እማማ፣ የመጨረሻዋን ቃል» አለ ኪሞሶፕ። «ጠንክሯል?»

ታላም ሊከለክላት እጁን አነሣ፤ እሷ ግን ወጥታ ተቀመጠች። እግሯን በዓይኗ እየመራች ፍሬኑ ላይ አስቀመጠችው። ረገጠች። 

«አልሰማኝም» አለች።

ኪሞሶፕ ሳቀ። «እማማ ዛሬ ቀልድ ላይ ናት!» ብቻውን እንደሚስቅ ሲያውቅ ተወው።

«ጠንክሯል። እኔ ነኝ የምልህ» አለ ታላም።

«እሷ ትበለው።»

«በይው እንጂ ጄፕቱም» አለ ታላም፤ ድምፁ የልመና ነበር።

«ያልሰማኝን ጠንክሯል አልልም።»

መጀመሪያ አንዲት ሴት ዘንቢሏን አንሥታ ወረደች። ሌሎቹ ተከተሉ። ኪሞሶፕ ቁልፉን ከመኪናው ነቅሎ ኪሱ ከተተ። ታላም በሩ አጠገብ ቆሞ ለሚወርደው ሁሉ «ጠንክሯል፣ ጠንክሯል እኮ» ይላል፤ እነሱም ራሳቸውን በአክብሮት ዝቅ እያደረጉ ያልፉታል።

ፍሬኑ ደህና ነበር። በገዛ እግሬ ረግጬዋለሁ። እኔም ይህንኑ ነገርኳቸው፤ የኔን እግር ማን ያውቀዋል?