በክር የለካሁት በረራ

ትናንት የድሮ የጂኦግራፊ ደብተሬን ስገልጥ አንድ ቀይ ክር ጭኔ ላይ ወደቀ። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው የእናቴ የስፌት መኪና ዘይት የሚሸት መሰለኝ። በዚህች ክር አንድ ነባር ሹፌር አሸንፌያለሁ፤ ልንገርሽማ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። አባዬን የዓይን ሞራ የጋረደው ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሚያውቀኝ በድምፄና በእጁ ዳሰሳ ብቻ ነበር። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ወስዶ አሳከመው። "አያለሁ" ብሎ በስልክ ሲነግረን፣ ደሴ ከቀረነው የቤታችን ሰዎች መጀመሪያ የሚያየው እኔን እንዲሆን ለራሴ ማልኩ።

የሚመለሰው በአውሮፕላን ነበር። ከመካከላችን ተሳፍሮበት የሚያውቅ ስላልነበረ ሁሉም ጉዞውን በአውቶቡስ ለካው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አባዬ ራሱ ደወለ። "ቀበቶ አስረውኛል፤ ስልክ ዝጉ እያሉ ነው።" እናቴ ሰኞ ገበያ ሰፈር ካለችው የልብስ ስፌት ሱቋ ንቅንቅ አላለችም። "በአስር ሰዓት ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ እንወርዳለን" አለችና ፔዳሏን መርገጥ ቀጠለች።

ዕድሜውን በሙሉ ከባድ መኪና የነዳው ወንድሟ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር። "ምን ያጣድፋል? እኔ ንጋት ላይ ከአዲስ አበባ ተነስቼ ደሴ የምገባው ሲመሽ፣ ለመግሪብ ሶላት ነው።"

"አጎቴ፣ አስተማሪያችን የአውሮፕላን ፍጥነት ነግሮናል፤ ርቀቱን ደግሞ በክር ለክቼዋለሁ። አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።"

"ወላሂ ጉድ ነው! ሸዋን በክር ልታቋርጪ?"

እናቴም አብራው ሳቀች። በገንኩ። ካርታዬን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁና አንዱን ክር ከደሴ በመንገዱ ጥምዝምዝ ሁሉ አዙሬ አዲስ አበባ አደረስኩት። "ይኼ የእርስዎ።" ሌላውን፣ ቀዩን፣ ወጥሬ በቀጥታ ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ ያዝኩት። "ይኼ የአባዬ።" ጎን ለጎን ሳደርጋቸው የአባዬ በጣም አጠረ። አጎቴ አሁንም ፈገግ እንዳለ ነበር።

"እኛስ ኮምቦልቻ ለመድረስ የሐረጎን ቁልቁለት ለመውረድ ስንት እንፈጃለን?" አልኩት።

ፈገግታው ጠፋ። ያንን ጠመዝማዛ ከእሱ በላይ ማን ያውቀዋል? "በዚህ ጭጋግ... አንድ ሰዓት" አለና ቁልፉን ከኪሱ አወጣ። "ተነሽ አንቺ ሴት፣ ባልሽ ሊቀድመን ነው!"

ሐረጎ ላይ ጭጋጉ መስታወቱን ሸፈነው። ከአንድ ተሳቢ ኋላ ስንንፏቀቅ የተቃጠለ ፍሬን ይሸተኛል፤ አጎቴ "ያ አላህ!" ይላል፤ እኔ ክሩን ጣቴ ላይ ጠምጥሜ ደቂቃ እቆጥራለሁ። ጭጋጉን ጨርሰን የኮምቦልቻ ሙቀት ፊታችንን ሲመታን፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ዝቅ ብሎ ከላያችን አለፈ። ጮህኩ። አጎቴ ክላክሱን እየነፋ "ወላሂ ልክ ናት! ይቺ ልጅ ልክ ናት!" ይላል። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

መውጫው በር ላይ ከሁሉም ፊት ቆምኩ። አባዬ ማንም ሳይመራው፣ አንገቱን ቀና አድርጎ መጣ። አየኝ። ከዚያ አልፎኝ ሄደ። ዓይኑ የሚፈልገው የሁለተኛ ክፍሏን ልጅ ነበር።

"አባዬ!"

ቆመ። ዞረና ያን ያህል አገር አቋርጦ ያስከፈተውን ዓይኑን ጨፈነ። እጁን ዘርግቶ ግንባሬን፣ አፍንጫዬን፣ ሹሩባዬን ዳሰሰ።

"አልሐምዱሊላህ፣ እሷው ናት" አለ። ዓይኑን የገለጠው ከዚያ በኋላ ነው።