ሊለብስ ባለው አፈር ላይ

ትዕግሥትን የታደሉ፣ ኀዘናቸውንም በሰው ጫንቃ ላይ የማይጭኑ ሽማግሌ ናቸው። ቤታቸው ለመንገድ ፈርሷል፤ ቦታው ነገ አስፋልት ይለብሳል። ዛሬ ብረት ሲያገኝ የሚጮህ መፈለጊያ መሣሪያ በአፈሩ ላይ እያዞሩ፣ ሟች ባለቤታቸው ስትሰፋ ጣቷ ላይ ታጠልቃት የነበረችውን የብረት ቆብ ይፈልጋሉ። መሣሪያው በጮኸ ቁጥር ተንበርክከው ይቆፍራሉ፤ ብረቱ ያለበትን ነጥብ በጩኸት የሚለይ፣ የቢላዋ እጀታ የሚያህል መጠቆሚያም ወደ ጉድጓዱ ይሰዳሉ።

«አባባ፣ ደግሞ ቆርኪ ነው?» አላቸው የመንገድ ሥራው ዘበኛ።

«ቆርኪም ቢሆን ከጠራኝ አቤት እላለሁ፤ ሌላማ ማን ይጠራኛል ልጄ?»

መጠቆሚያው ከጉድጓዱ ጥግ ሲደርስ ጩኸቱን አጣደፈ። በጣታቸው ጫር ቢያደርጉ ቆቧ ወጣች። በትንሿ ጣታቸው ሊያጠልቋት ሞከሩ፤ ከጥፍራቸው አላለፈችም። አፈሯን ሳያራግፉ ጨብጠዋት ቆሙ።

ቆቧን በአፈር ውስጥ የጠበቀ አምላክ እርሳቸውንም ይጠብቃቸው፤ ደጃቸውንም ሰው አያሳጣው።