እናቴ ሻሿን ያውለበለበችለት መርከብ

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ ጠዋት... ዱባይ፣ ወደቡ አጠገብ ያለ ሆቴል፣ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነን። ስነቃ የእናቴ አልጋ ባዶ ነው። ቀና ብዬ ሳይ መስኮቱ ጋ ቆማ ነጭ ሻሿን ታውለበልባለች።

«እማ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«መጣ! ሬድዋን መጣ! ተነሺ!»

እዚያ እንዴት እንደደረስን ልንገራችሁ።

ሬድዋን ታናሽ ወንድሜ ነው። ሰው ለሽርሽር በሚሳፈርበት ትልቅ መርከብ ላይ ማዕድ ቤት ውስጥ ይሠራል። «ኮንትራቴ ሲያልቅ እመጣለሁ» ይላል... ሲያልቅ ያድሳል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሁለት ዓመት ከስምንት ወር ሆነው። እናታችን ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ትሸጣለች። ስልኳ ከጠራ ደንበኛ ፊቷ ቆሞም ቢሆን ሚዛኑን ትታ ነው የምትሮጠው። አብዛኛውን ጊዜ የሚደውለው ግን እሱ አይደለም።

ዘንድሮ መሥሪያ ቤቱ ለሠራተኛ ቤተሰብ የሚሰጠው ዕድል ደረሰው። እናቴና እኔ አንድ ሳምንት በሱ መርከብ እንድንሄድ ተፈቀደ። መርከቡ ዓርብ ጠዋት ዱባይ ይገባል፣ ማታውኑ ይነሳል። እኔ ወልቂጤ አስተማሪ ነኝ፤ እንደ ዕድል የሴሚስተር እረፍት ላይ ዋለልኝ።

ሬድዋን በስልክ አስጠነቀቀን።

«መርከብ እንደ ሚኒባስ ሰው እስኪሞላ አይጠብቅም። ሰዓቱ ሲደርስ ጥሏችሁ ነው የሚሄደው። ቢያንስ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ።»

«ሦስት ቀን ቀድመን እንገባለን» አለች እናቴ።

«ሦስት ቀን ምን ትሠሪያለሽ እማ?»

«እጠብቅሃለኋ!»

በስንት ክርክር ሁለት ሌሊት ላይ ተስማማን። ቀጥሎ የአዲስ አበባው ማደሪያ መጣ። በረራው ጠዋት ስለሆነ ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል እንያዝ ስላት ተቆጣች። «መርካቶ እህቴ ቤት እያለ ሆቴል? ብትሰማ ሁለተኛ ደጄን ትረግጣለች?» አክስቴ ቤት አደርን።

ለዱባይም ዘመድ መፈለግ ጀመረች። «የጎረቤታችን ልጅ ሀያት እዚያ አይደለችም እንዴ?»

«እማ፣ ሀያት እኮ የሰው ቤት ነው የምትሠራው። የት ታሳድረን?»

«እውነትሽን ነው» ብላ ስልኬን ተቀበለችኝ። የሆቴሎቹን ፎቶ እያሳየኋት ስለ አልጋውም ስለ ቁርሱም አንድ ነገር አልጠየቀችም። «ይሄ መስኮት ወዴት ነው የሚያየው?» ብቻ። ርካሹ ክፍል የሚያየው መኪና ማቆሚያውን ነው።

«መኪናማ ቡታጅራም ሞልቷል። መርከቡ ሲገባ የሚታይበትን ያዢልኝ።»

ያዝኩላት።

እና ያን ዕለት ሐሙስ ጠዋት፣ እውነትም ሕንፃ የሚያክል ነጭ መርከብ ወደቡ ላይ ቆሟል። ሠራተኞች የመርከቡን የብረት አጥር ይወለውላሉ። ከኛ መስኮት ሲታዩ ጥፍር ቢያክሉ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሥራውን ትቶ ወደኛ ዞሯል... እጁን ያውለበልባል። መጀመሪያ በአንድ እጁ፣ ከዚያ በሁለቱም።

«አየኝ! አወቀኝ! ቁመቱን እዪው፣ ራሱ ነው!»

እንባዋ ይወርዳል፣ ጥርሷ ይስቃል። እኔም አብሬያት ማውለብለብ ጀመርኩ። ግን ቆይ... ዛሬ ሐሙስ ነው። ሬድዋን ዓርብ ነው ያለን።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ ደወልኩለት።

«የት ነህ?»

«ባሕር ላይ። ነገ ጠዋት ነው የምንገባው አላልኩሽም? ምነው?»

«ምንም።»

እዚያው ቁጭ አልኩ። ልዋሻት አስቤ ነበር። ነገ «ትናንትማ ባሕር ላይ ነበርኩ» ሲላት ግን ይብስባታል። ወጣሁና ነገርኳት።

«እማ... እሱ አይደለም። የሬድዋን መርከብ ነገ ነው።»

ሻሹን የያዘው እጇ ቀስ ብሎ ወረደ። ትወድቅብኛለች ብዬ ጠጋ አልኳት። አልወደቀችም። ወደ ታች እያየች ነው። ልጁ አሁንም እያውለበለበ ነው።

«እሱስ... እኔን ማን መስዬው ነው?» አለች።



ሻሿን መልሳ አነሳች። «እሱ እጁን ሳያወርድ እኔ አላወርድም።» አላወረደችም። አለቃው ይሁን ማን እንጃ፣ አንድ ሰው መጥቶ ትከሻውን ነካው። ልጁ ወደ ውስጥ ገባ። እናቴ እሱ ከጠፋ በኋላም ቆማ ቀረች።

ዓርብ ሬድዋን የመርከቡ በር ላይ ጠበቀን። ነጭ የሥራ ልብሱን ለብሷል፣ ከስቷል። እናቴ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አልለቀው አለች። ከኋላችን የተሳፋሪ ሰልፍ ቆመ። በሩ ላይ ያለው ሰውዬ የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተና ተወው። በመጨረሻ አንገቱን አሸተተችው።

«ሽንኩርት ሽንኩርት ትላለህ» አለችው።

ሬድዋን ያኔ ነው ያለቀሰው።

ሳምንቱ እንደ አንድ ቀን አለቀ። እሱ ታች ማዕድ ቤት፣ እኛ ላይ... በቀን ሁለት ሰዓት ብናገኘው ነው። እናቴ እዚያም ስትጠብቀው ነው የከረመችው። ሰው ባሕሩን ሲያይ እሷ የሠራተኞቹን በር ታያለች።

አሁን ቡታጅራ ተመልሳለች። ሬድዋን ሲደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ያ ልጅስ? አላገኘኸውም?»

«እማ፣ ባሕር ላይ ስንት ሺህ ሰው ነው ያለው!»

«ታዲያ ጠይቃ።»

ስሙን አናውቅም፣ አገሩን አናውቅም፣ ሃይማኖቱን አናውቅም... ቡታጅራ ላይ ግን አንዲት በርበሬ ነጋዴ ከሰላቷ በኋላ ዱዓ ሳታደርግለት አትነሳም።