የእማማ ዘሃራ ዶሮ

ዛሬ ጠዋት እማማ ዘሃራ ዶሮ በብብታቸው ሸጉጠው በራችን ላይ ቆመዋል። «ነገ ፋሲካ አይደል? እናትሽ የታለች?» አሉኝ።

እናቴን የቀበርናት ባለፈው ወር ነው። ቀብሯ ላይ ከሁላችንም በላይ ያለቀሱት እሳቸው ነበሩ።

የተዋወቁት በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ የእማማ ዘሃራ ባል ሆሳዕና መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ሲከፍቱ። እማማ ዘሃራ ሙስሊም፣ እኛ ጴንጤ። አንዱ ያረደውን ሌላው ስለማይበላ ለፋሲካ እሳቸው፣ ለኢድ እናቴ፣ ዶሮውን ከነነፍሱ ይላላኩ ነበር። (እናቴ አንድ ዓመት የመጣላትን ዶሮ ቀልባ ለኢድ መልሳ ልካዋለች። እማማ ዘሃራ አውቀውት ዝም አሉ።)

ያ ዶሮ ካልመጣ እናቴ በዓል መድረሱን አታምንም ነበር።

«እማማ፣ ሞታለች እኮ» አልኳቸው። ጮኹ፤ ገና ዛሬ እንደሰሙ ሆነው ደረታቸውን መቱ። ሲወጡ ዶሮውን እጄ ላይ ትተውት ሄዱ።

ከሰዓት ተመልሰው መጡ። «እናትሽ የታለች?»

«ገበያ ወጥታለች። ዶሮው ደርሷታል፤ በጣም ደስ ብሏታል» አልኩ።

ፈገግ ብለው መርቀውኝ ሄዱ። እኔ በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

እንዲህ የገጠማችሁ እስቲ ንገሩኝ፤ አንድ መርዶ ለአንድ ሰው ስንት ጊዜ ይነገራል?