የጠፋችው «በት»

የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን ስከፍት ቀጭ አለ። ደብረ ብርሃን ቢሮዬ ቁጭ ብዬ የአንዲት ተማሪዬን የመመረቂያ ጽሑፍ እያረምኩ ነበር። እኛ «ምንም እንኳ» ብለን ጀምረን «ግን» ማለት ስለለመደብን፣ በእንግሊዝኛም «ኦልዞው» ካልን፣ ስህተት መሆኑ እየተነገረን እንኳ «በት» ሳንጨምር አናርፍም። ይቺ ልጅ ግን በአርባ ገጽ ውስጥ አንድም ቦታ አልጨመረችም። ጠረጠርኳት።

ያቺን የክዳን ድምፅ አውቃታለሁ። አንኮበር፣ ሰባተኛ ክፍል ነኝ። ጉሙ በተሰበረው መስኮት እየገባ ደብተራችንን ያረጥበዋል። የእንግሊዝኛ መምህራችን እርጥብ ሱፍ የሚሸት ካፖርታቸውን እንደለበሱ አጠገቤ ቆሙ፤ ክዳኑን ቀጭ አደረጉና ደብተሬን አነበቡ። ምንም አልሰረዙም።

«ማን ጻፈልሽ?»

«እኔው ነኝ፣ ቲቸር።»

«ያንቺ ቢሆንማ ‹በት› ይኖረው ነበር።»

እውነቱን ለመናገር፣ «በት»ን የተውኳት አውቄ ሳይሆን ረስቻት ነው። ምን እንዳሉኝም አልገባኝም። ስህተት ባለመሥራቴ እስኪደወል ድረስ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ተንበርክኬ ዋልኩ።

ጽሑፉን ባረምኩ ማግስት ተማሪዬን ቢሮ አስጠራኋት።

«ማን ጻፈልሽ?» አልኳት። ድምፁ የአንኮበሩ መምህሬ ነበር።

ልጅቷ ከቦርሳዋ የአምና የቤት ሥራዋን አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። «ኦልዞው» ባለበት መስመር ሁሉ «በት» በቀይ ተሰርዛለች።

«እርስዎ አይደሉ እንዴ የሰረዙብኝ?»